አዲስ ክሊኒክ በምን ይጸናል?

በአዲስ አበባም ሆነ በክልል ከተሞች ጥቂት ሐኪሞች ተሰባስበው ክሊኒክ ለመክፈት ሲያስቡ መጀመሪያ የሚነሡት ጥያቄዎች የታወቁ ናቸው። ቦታው የት ይሁን? ኪራዩ ስንት ነው? አልትራሳውንድ አሁኑኑ ይግባ ወይስ ይቆይ? የትኛው ስፔሻሊስት በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? ፈቃድ ለማውጣት ስንት ክፍል ያስፈልጋል? ሁሉም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው፤ መልስ ሳያገኙ በሩን መክፈት አይቻልም። ከሦስትና ከአራት ዓመት በኋላ ክሊኒኩ በእግሩ መቆሙን ወይም በዕዳ መዘጋቱን የሚወስነው ግን ከእነዚህ ውጭ ያለ ጉዳይ ነው ብዬ አምናለሁ። ዛሬ የታከመው ሰው በቀጠሮው ቀን ተመልሶ ይመጣል ወይ? የዚህ ዳሰሳ ክርክር በዚህ ጥያቄ ዙሪያ ነው። አዲስ ክሊኒክ የሚጸናው በክትትል ላይ ሲመሠረት ነው፤ ገቢውም ከሐኪሙ ጊዜና ከታካሚው መመለስ ሊመነጭ ይገባዋል እንጂ ከላብራቶሪ ወረቀት ብዛት መሆን የለበትም።

የግል ክሊኒኮቻችን ዛሬ ያላቸውን ቅርጽ ያገኙት ከታሪካቸው ነው። በደርግ ዘመን የግል ሕክምና እጅግ ተገድቦ ከቆየ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው የሽግግር መንግሥቱ የጤና ፖሊሲ የግሉን ዘርፍ ተሳትፎ እንደሚያበረታታ አስታወቀ። ከዚያ ወዲህ በየከተማው ክሊኒኮች በዙ፤ በብዙዎቹም ቀን በመንግሥት ሆስፒታል ውለው ማታና ቅዳሜ በግል የሚሠሩ ሐኪሞች ያገለግሉ ነበር። በከተማ አንድ ጤና ጣቢያ ለ40,000 ሕዝብ ያህል እንዲያገለግል ታስቦ የሚቋቋም ስለሆነ ወረፋው ረጅም ነው፤ ስለዚህ የግሉ ክሊኒክ ለገበያ ያቀረበው ዋና ነገር ቶሎ መታየትን ሆነ። ትኩሳት የያዘው፣ ልጁን ያስመለሰበት፣ ወገቡን የቆረጠው ሰው ሮጦ የሚገባበት፣ ከፍሎና መድኃኒት ታዝዞለት የሚወጣበት ቤት ሆነ። የፈቃድ መስፈርቱም ይህን ልማድ አልለወጠውም። ቀድሞ ዝቅተኛ፣ መካከለኛና ከፍተኛ ይባል የነበረው የክሊኒክ ደረጃ ስሙና ዝርዝሩ ቢቀየርም ተቆጣጣሪ በአንድ ጉብኝት ሊለካ የሚችለው የሚታየውን ነው፤ የክፍሉን ስፋት፣ የእጅ መታጠቢያውን፣ የባለሙያውን ፈቃድ፣ የመሣሪያውን ዓይነት። ባለፈው ወር የመጣች የስኳር ታማሚ በዚህ ወር ለምን እንደቀረች ለማወቅ የክሊኒኩ ባለቤት ራሱ ካልጠየቀ ማንም አይጠይቅለትም።

በዚህ መልክ የታሰበ ሥራ በመሣሪያ ግዢ ይጀምራል። ምክንያቱ ለመረዳት አይከብድም፤ ታካሚ በር ላይ ቆሞ የሐኪሙን ዕውቀት ሊመዝን አይችልም፣ ማሽኑን ግን ያያል። ባለቤቱም ከባንክ፣ ከእቁብ፣ ከዘመድ ያሰባሰበውን ገንዘብ ለአልትራሳውንድ፣ ለደም መመርመሪያና ለኤክስሬይ ያውላል። ማሽን ተገዝቶ ከገባ በኋላ ግን ታካሚ ቢመጣም ባይመጣም የብድሩ ቀን ይደርሳል። ሪኤጀንቱ፣ የስኳር መለኪያ ስትሪፑ፣ መለዋወጫው በአብዛኛው ከውጭ የሚመጣ በመሆኑ ዋጋው በክሊኒኩ እጅ አይደለም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው የአንድ ዶላር ዋጋ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። የቢዝነስ ዕቅዱን በቀድሞው ዋጋ ያዘጋጀ ባለቤት በአንድ ክረምት ስሌቱ ሁሉ ፈረሰበት። ይህን ጫና የሚሸከመው በመጨረሻ የምርመራ ማዘዣው ነው፤ ማሽኑ ዕዳውን እንዲከፍል ማሽኑ መሥራት አለበት፣ ማሽኑ እንዲሠራ ደግሞ ለማያስፈልገውም ሰው መታዘዝ ይጀምራል።

በሕንድ መዱራይ ከተማ የአራቪንድ የዓይን ሆስፒታል የተጀመረበት መንገድ ሌላ ነው። ዶክተር ጎቪንዳፓ ቬንካታስዋሚ በ58 ዓመታቸው ከመንግሥት ሥራ ጡረታ ወጥተው እ.ኤ.አ. በ1976 ሥራውን ሲጀምሩ የነበራቸው 11 አልጋ ብቻ ነበር። ሁሉንም ለማከም አልሞከሩም፤ አብዛኛውን ጉልበታቸውን ያዋሉት ሊታከም እየቻለ ሰውን ለዓይነ ስውርነት በሚዳርገው በዓይን ሞራ ላይ ነው። መክፈል የሚችለው እየከፈለ፣ የማይችለው በነፃ ወይም በትንሽ ክፍያ እየታከመ ሄደ፤ ከሚከፍሉት የተገኘው ገቢ ሌሎቹን ተሸከመ። ውድ የነበረውን የዓይን ሌንስ የሚያመርተውን አውሮላብን ያቋቋሙት እ.ኤ.አ. በ1992 ነው፤ ሥራው ከተጀመረ ከ16 ዓመት በኋላ ማለት ነው። ፋብሪካው የመጣው የታካሚው ብዛት ራሱ ከጠየቀው በኋላ ነበር። አንድን አገልግሎት በደንብ መሥራት፣ ታካሚው እስኪበረክት መጠበቅ፣ ከዚያ መሣሪያ ማስፋት፤ ይህ ቅደም ተከተል ለእኛ አገር ክሊኒክም ይሠራል።

አሁን ወደ ጉዳዩ እምብርት እንግባ። በብዙ ክሊኒኮች ካርድ ማውጫው ርካሽ ነው፤ ገቢው የሚመጣው ከካርዱ በኋላ ካለው ነው። ሐኪሙ ታካሚውን ሃያ ደቂቃ ቢያነጋግረውም ሦስት ደቂቃ ቢያነጋግረውም ለክሊኒኩ የሚገባው ገንዘብ ያው ነው፤ አምስት ምርመራ ካዘዘ ግን ገቢው ይባዛል። በዚህ ሥርዓት ውስጥ መልካም ሐኪም እንኳ ቀስ በቀስ ከማዳመጥ ወደ ማዘዝ ይሳባል። የዚህን ጉዳት ከማንም በላይ የሚያሳየው የታይፎይድ ነገር ነው። ትኩሳትና ራስ ምታት ይዞት ክሊኒክ የገባ የከተማ ነዋሪ ታይፎይድ አለብህ ሳይባል የሚወጣበት ጊዜ ጥቂት ነው። ምርመራው በአብዛኛው ዊዳል የሚባለው ነው፤ የሚለካው ባክቴሪያውን ሳይሆን ሰውነት ያመረተውን የመከላከያ ንጥረ ነገር ስለሆነ በሽታው በሚዘወተርበት አገር ከዓመታት በፊት የተጋለጠም ሰው ውጤቱ ፖዘቲቭ ሊሆን ይችላል። በአዲስ አበባ ትኩሳት ባለባቸው 270 ታካሚዎች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመ ጥናት በዊዳል በሽታው አለባቸው የሚያሰኝ ውጤት ያሳዩት 88 ሰዎች ነበሩ፤ ደማቸው በካልቸር ሲመረመር ግን ባክቴሪያው የተገኘው በ7ቱ ብቻ ነው። ካልቸርም ቢሆን የሚያመልጠው አለ። ያም ሆኖ በ88 እና በ7 መካከል ያለው ልዩነት በዚህ ብቻ የሚሞላ አይደለም።

ያለ አግባብ አንቲባዮቲክ የተሰጠው ሰው ገንዘቡን ይከስራል፤ አገሪቱም መድኃኒት የተላመዱ ተሕዋስያንን ታፈራለች። ከሁሉ የሚከፋው ግን የትኩሳቱ እውነተኛ መነሻ ሳይፈለግ መቅረቱ ነው፤ ቲቢ ሊሆን ይችላል፣ የሳንባ ምች ሊሆን ይችላል፣ ግርሻ ሊሆን ይችላል። ይህ ሁሉ የሚታወቅ ነው። ብዙም የማይነገረው ክሊኒኩ ራሱ የሚከስረው ነው። በአምስት ቀን ያልተሻለው ሰው ወደዚያው ክሊኒክ አይመለስም፤ ወደ ሌላ ይሄዳል፣ እዚያም ካርድ ያወጣል፣ ዊዳሉ እንደገና ይሠራለታል። እያንዳንዱ ክሊኒክ የሌላውን ያልዳነ ታካሚ በአዲስነት ይቀበላል እንጂ የራሱ የሚለው ታካሚ አያፈራም። ታካሚውን ወደ አንድ ላብራቶሪ ወይም የምስል ማዕከል ለላከ ሐኪም የሚከፈለው ኮሚሽንም ከዚሁ ቤት የወጣ ነው። ገንዘቡ የሚመዘዘው ከታማሚው ኪስ ነው፤ ታማሚው ባወቀ ጊዜ የሚጠፋው እምነት ደግሞ በማንኛውም ማስታወቂያ አይመለስም። አዲስ ክሊኒክ የሚከፍት ሰው ኮሚሽን እንደማይቀበልና እንደማይከፍል ከመጀመሪያው ቀን በጽሑፍ ቢያስቀምጥ ከየትኛውም ማሽን የተሻለ ካፒታል አስገባ ማለት ነው።

ከዚህ ተነሥቶ የግል ሕክምና በባሕርዩ ስግብግብ ነው ማለት ስሕተት ይሆናል። ጂሽኑ ዳስና ባልደረቦቹ በሕንድ ማድያ ፕራዴሽ ግዛት ታማሚ መስለው እንዲቀርቡ የሠለጠኑ ሰዎችን ወደ ሐኪሞች ልከው ባደረጉት ጥናት ያው አንዱ ሐኪም በመንግሥት ተቋም ከሚሠራው ይልቅ በግል ክሊኒኩ ታካሚውን የበለጠ እንደሚጠይቅና እንደሚመረምር፣ ትክክለኛውን ሕክምናም አብዝቶ እንደሚሰጥ አሳይተዋል። አላስፈላጊ መድኃኒት ማዘዝ ግን በሁለቱም ቦታ ነበር። እንግዲህ የግል ክሊኒክ ትጋትን ሊያበረታ የሚችል ሥርዓት ነው፤ ትጋቱ ወደ መስማት ይሂድ ወይስ ወደ ማዘዝ የሚለውን የሚወስነው ክፍያው ከምን ላይ እንደተሰቀለ ነው።

ተመልሶ የሚመጣ ታካሚ ለክሊኒኩ ገቢ ብቻ አይደለም፤ ለታካሚውም ሕይወት ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 በእንግሊዝ የታተመ የጥናቶች ግምገማ ከ9 አገሮች 22 ጥናቶችን ሰብስቦ ነበር፤ በ18ቱ በአንድ ሐኪም ዘንድ መቆየት ከሞት መቀነስ ጋር ተያይዞ ተገኝቷል። በኖርዌይ ደግሞ ከ4 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን መረጃ ይዞ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ጥናት ከአንድ የቤተሰብ ሐኪም ጋር ከ15 ዓመት በላይ የቆዩትን ገና አንድ ዓመት ካልሞላቸው ጋር አነጻጽሯል፤ ከሥራ ሰዓት ውጭ ድንገተኛ ሕክምና መሻታቸው 30፣ በድንገት ሆስፒታል መግባታቸው 28፣ የመሞት ዕድላቸው 25 ከመቶ ገደማ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ጤናማ ሰዎች ስለሆኑ ነው ሐኪም ያልቀየሩት የሚል ጥርጣሬ ሊነሣ ይችላል፤ እንዲህ ያለ ጥናት መንሥኤን አያረጋግጥም። ሆኖም ቆይታው በረዘመ ቁጥር ልዩነቱ እየሰፋ መሄዱ፣ በተለያዩ አገሮችም መደጋገሙ ሊናቅ የሚችል ምስክርነት አይደለም። ምክንያቱም ለማሰብ የሚከብድ አይደለም። የሚያውቅህ ሐኪም ዘንድሮ ከአምና የከሳህ መሆንህን ያያል፤ የማያውቅህ የሚያየው ዛሬ ያለህበትን ብቻ ነው።

ይህን ሐሳብ በአንድ ትንሽ ቦታ የፈተነው የዌልሱ ሐኪም ጁልያን ቱዶር ሃርት ነው። ግሊንኮሩግ በምትባል የከሰል ማዕድን ሠራተኞች መንደር ተቀምጦ፣ የሚመጣውን ታማሚ ከመጠበቅ ይልቅ የመንደሩን አዋቂዎች ሁሉ የደም ግፊት መለካት ጀመረ፤ የተገኘባቸውንም ዓመት ከዓመት ተከታተለ። እ.ኤ.አ. በ1991 የ25 ዓመቱን ሥራ ሲያስታውቅ በዕድሜ ሳይገፉ የሚሞቱት ሰዎች ቁጥር እንዲህ ያለ ክትትል ካልነበረው ጎረቤት መንደር ያነሰ ሆኖ አግኝቶታል። እጁ ላይ የነበረው የግፊት መለኪያ፣ መዝገብና መንደሩን የሚያውቁ ረዳቶች ነበሩ። ሕክምና በጣም የሚያስፈልገው ሰው ሕክምና ከሁሉ ያነሰ የሚደርሰው ነው የሚለውንና በመላው ዓለም የታወቀውን ሕጉንም እ.ኤ.አ. በ1971 የጻፈው ይህ ሐኪም ነው።

ዌልስና ኖርዌይ ሩቅ ናቸው፤ የኛ ሰው ቀጠሮ አያከብርም የሚል ሰው አይጠፋም። ይህን አባባል የአገራችን የኤችአይቪ ሕክምና ውድቅ አድርጎታል። ፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በጥር 1997 ዓ.ም. በነፃ መሰጠት ሲጀምር ድሀ አገር ውስጥ ሰው በየቀኑ መድኃኒት እየዋጠ በየወሩ ክሊኒክ እየተመላለሰ ዕድሜ ልኩን ሊዘልቅ አይችልም የሚሉ ብዙ ነበሩ። የሆነው ሌላ ነው። እያንዳንዱ ታካሚ መዝገብ ተከፈተለት፤ የቀጠሮ ቀኑ ተጻፈ፤ የቀረው ሰው በስልክ፣ ካልሆነም በቤቱ ተፈለገ። ቫይረሱ በደማቸው የሚገኝ ሰዎች ራሳቸው ሠልጥነው አዲስ ጀማሪዎችን ይደግፉ ጀመር። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን በዚህ ሥርዓት በሕይወት አሉ። መድኃኒቱ ነፃ መሆኑ ወሳኝ ነበር፤ ነፃ መድኃኒት ብቻውን ግን ሰውን ለዓመታት አያመላልስም። ያመላለሰው የቀረውን ሰው ስሙን ጠርቶ የሚፈልግ ሥርዓት መኖሩ ነው።

ይኸው ሥርዓት ለደም ግፊትና ለስኳር ቢዘረጋ የክሊኒኩ ሒሳብ ምን ይመስላል? እ.ኤ.አ. በ2015 በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገው ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 69 ዓመት ከሆኑት መካከል 16 ከመቶ ገደማ የሚሆኑት የደም ግፊታቸው ከፍ ያለ ነበር፤ መድኃኒት የሚወስዱት እጅግ ጥቂቶች ነበሩ። በአንድ ክሊኒክ ዙሪያ በእግር ሊደረስበት በሚችል ሰፈር 10,000 በዚህ ዕድሜ ያሉ ሰዎች ይኖራሉ እንበል። 1,600 ያህሉ የግፊት ታማሚዎች ናቸው ማለት ነው። ክሊኒኩ ከእነዚህ ሩቡን፣ 400ውን ቢይዝና እያንዳንዳቸው በሁለት ወር አንድ ጊዜ ቢመጡ በወር 200 ጉብኝት ይሆናል፤ በ25 የሥራ ቀን ሲካፈል በቀን 8 ሰው። ይህ በክረምትም በበጋም፣ ወረርሽኝ ቢኖርም ባይኖርም የሚመጣ ገቢ ነው፤ ኪራይ የሚከፈልበት ቀን ሲደርስ የሚታመኑበት ገቢ። እያንዳንዳቸው ደግሞ ልጅ ሲታመም፣ እናት ስትደክም ወዴት እንደሚወስዱ አስቀድመው ያውቃሉ። በአንድ ትኩሳት ብቻ የመጣ ሰው ይህን ሁሉ አያመጣም።

ለዚህ የሚያስፈልገው ዝግጅት በማሽን ዋጋ ሲታይ ጥቂት ነው፤ በሥራ ሲታይ ግን ብዙ ነው። በትክክል የሚሠራ የግፊት መለኪያና በዓመት ሁለት ጊዜ የሚያረጋግጠው ሰው፤ የስኳር መለኪያ፤ ካርድ ጠፋ የማይባልበት መዝገብ፤ የቀጠሮ ደብተር ወይም ቀላል የኮምፒውተር ፕሮግራም። ከሁሉ በላይ ግን ለቀረው ሰው የመደወል ኃላፊነት በስም የተሰጠው ነርስ ያስፈልጋል። አዲስ ክሊኒኮች ለስፔሻሊስቱ የሚከፍሉትን ሳይሰስቱ ነርሷን በዝቅተኛ ደመወዝ ቀጥረው በየስድስት ወሩ ይለውጧታል፤ ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። ታካሚው የሚያውቃት እሷን ነው። ስልኩን የምታነሣው፣ ግፊቱን የምትለካው፣ እማማ መድኃኒቱ አልቆብኛል ሲሉ የምትሰማው እሷ ናት። እሷ በሄደች ቁጥር የክሊኒኩ ትዝታ አብሯት ይሄዳል። ሐኪሙም ቢሆን የሚመረጠው በዚሁ ሚዛን ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2005 ዓ.ም. የተጀመረው የቤተሰብ ሕክምና ስፔሻሊቲ ለዚህ ሥራ ሐኪሞችን ያዘጋጃል፤ አዲስ ክሊኒክ ከሚሽከረከሩ አምስት ስፔሻሊስቶች በፊት በየቀኑ የሚገኝ አንድ እንዲህ ያለ ሐኪም ወይም በሳል ጠቅላላ ሐኪም ቢይዝ ይሻለዋል። ሪፈር የሚጻፈውም የሚያስፈልገው ሲመጣ ነው፤ ከአቅም በላይ የሆነውን ታካሚ ሳያቆዩ በተሟላ ደብዳቤ መላክና ውጤቱን ተከታትሎ መጠየቅ ታካሚውን አያሸሽም፣ እንዲያውም ከክሊኒኩ ጋር ያስተሳስረዋል።

ሁለት ተቃውሞዎች ግን በጽኑ ሊመለሱ ይገባቸዋል። የመጀመሪያው የገንዘብ ነው። የካርድ ዋጋው ከፍ ካለ ድሀው አይመጣም፤ የላብራቶሪ ገቢ ከቀረ ክሊኒኩ ኪራይ አይከፍልም ይባላል። ከአገሪቱ የጤና ወጪ ሲሶ ያህሉን ቤተሰቦች በቀጥታ ከኪሳቸው የሚከፍሉ በመሆኑ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን ድሀው ዛሬ የሚከፍለው ጠቅላላ ሒሳብ ይታይ። ርካሽ ካርድ፣ ውድ ምርመራ፣ ውድ አንቲባዮቲክ፣ ከሳምንት በኋላ በሌላ ክሊኒክ ያው ድግግሞሽ። ለሐኪሙ ጊዜ ተገቢ ዋጋ ከፍሎ የማያስፈልገው ምርመራ ያልታዘዘለት ሰው በመጨረሻ ያነሰ ያወጣል። ክሊኒኩ ይህን በግልጽ ማሳወቅ ይችላል፤ የምርመራውን ዋጋ ግድግዳ ላይ መለጠፍ፣ የክትትል ጉብኝትን ከመጀመሪያው ጉብኝት አሳንሶ መተመን፣ ለሦስት ወር ክትትል አንድ የተጠቃለለ ክፍያ ማስቀመጥ። የመጨረሻው በተለይ ታማኝ መንገድ ነው፤ ታካሚው አስቀድሞ ምን እንደሚያወጣ ያውቃል፣ ሐኪሙም አብዝቶ በማዘዝ የሚያተርፈው ነገር አይኖረውም። ላብራቶሪ ይቅር ማለቴ አይደለም። የኩላሊትና የስኳር ምርመራ የሌለው ክትትል ክትትል አይባልም። ላብራቶሪው የክሊኒኩ አገልጋይ ይሁን እንጂ ጌታ አይሁን።

ሁለተኛው ተቃውሞ ታካሚው ራሱ የሚፈልገው መርፌ፣ ግሉኮስና የምርመራ ወረቀት ነው የሚል ነው፤ ምንም ሳይታዘዝለት የወጣ ሰው ተበደልኩ ብሎ ጎረቤት ክሊኒክ ይገባል። እውነት አለበት። ይህ ፍላጎት ግን ከሰማይ አልወረደም፤ ለሠላሳ ዓመት ያህል ክሊኒኮች ራሳቸው ያስተማሩት ነው። ያስተማሩትን መልሶ ማስተማር ይቻላል፤ ጊዜ ይወስዳል፤ በመጀመሪያው ዓመትም ታካሚ ያሳጣል። ስለዚህ አዲስ ባለቤት ካፒታሉን ሲያሰላ ለመሣሪያ ያሰበውን ግማሹን ለመጀመሪያው አሥራ ስምንት ወር ኪራይና ደመወዝ ቢያስቀምጥ ይበጀዋል። ዕዳ አንገቱን ያነቀው ክሊኒክ ለታካሚው ይህ አያስፈልግህም ሊለው አይችልም። ደግሞም ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ፤ ሰው መርፌ የሚፈልገው ብዙ ጊዜ ያልተሰማ ሲመስለው ነው። አሥራ አምስት ደቂቃ ያዳመጠ፣ ሆዱን የዳሰሰ፣ ለምን አንቲባዮቲክ እንደማይሰጥ በአማርኛ ያስረዳና በሦስተኛው ቀን ደውዬ እጠይቅሃለሁ ያለ ሐኪም ታካሚውን ባዶ እጁን አልሸኘውም።

ስለ ቦታና ስለ ሽርክና ባጭሩ። ትልቅ አደባባይ ላይ መቀመጥ ለክትትል ክሊኒክ ያን ያህል አይጠቅምም፤ ሰው በእግሩ የሚደርስበት መኖሪያ ሰፈር ይሻላል። በአዲስ አበባ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ፒያሳ፣ ኋላም ካዛንቺስ በኮሪደር ልማት ሲፈርሱ የዓመታት ታካሚዎች ከሰፈራቸው ጋር ተበታትነዋል፤ መዝገቡ የታካሚውን ስልክና የቅርብ ዘመድ ስልክ የያዘ ክሊኒክ ሊከተላቸው ይችላል፣ ያልያዘው አይችልም። የተዛወሩባቸውና ቀድሞም በኮንዶሚኒየም የሞሉት የከተማዋ ዳርቻ ሰፈሮች ዛሬ ለአዲስ ክሊኒክ የተሻሉ ቦታዎች ናቸው። ሽርክናን በተመለከተ የንግድ ሕግ አዋጅ ቁጥር 1243/2013 ለሙያ አገልግሎት የሚሆን ኃላፊነቱ የተወሰነ የሽርክና ማኅበርንና የአንድ ሰው ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበርን ፈቅዷል። ሐኪሞች በወዳጅነት ብቻ ከመጀመር ይልቅ ማን ስንት ሰዓት እንደሚሠራ፣ ትርፍ እንዴት እንደሚከፈል፣ አንዱ ውጭ አገር ቢሄድ ድርሻው በምን ዋጋ እንደሚሸጥ አስቀድመው ይጻፉ። የድርሻ ክፍፍሉ በላኩት ምርመራ መጠን እንዳይሆንም በመመሥረቻ ጽሑፉ ይግባ።

የቀረው የመንግሥት ድርሻ ነው። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ በብዙ ወረዳዎች ተስፋፍቷል፤ አባላቱ የሚታከሙት ግን በአብዛኛው በመንግሥት ተቋማት ነው። የማኅበራዊ ጤና መድኅን አዋጅ ቁጥር 690/2002 ከወጣ ዓመታት ቢያልፉም ደመወዝተኛው ለብዙ ዓመታት በአብዛኛው ከኪሱ ሲከፍል ቆይቷል። የግል ክሊኒኮች ለሕዝብ ጤና ሊሠሩ እንደሚችሉ ግን በቲቢ ታይቷል። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ መንግሥት መድኃኒቱን በነፃ እያቀረበ፣ ባለሙያዎቻቸውን እያሠለጠነና እየተቆጣጠረ የተመረጡ የግል ክሊኒኮች የቲቢ ታማሚዎችን እስኪድኑ ድረስ እንዲከታተሉ አድርጓል፤ ታካሚው ለመድኃኒቱ አይከፍልም፣ ክሊኒኩ ይመዘግባል፣ ሪፖርት ያደርጋል፣ ይጠየቃል። ያው ውል ለደም ግፊትና ለስኳር የማይሠራበት ምክንያት አይታየኝም። የኢትዮጵያ ጤና መድኅን አገልግሎትና የክልል ጤና ቢሮዎች መስፈርቱን ካሟሉ ጥቂት የግል ክሊኒኮች ጋር በጥቂት ክፍለ ከተሞች ይጀምሩት። ክፍያው በምርመራ ቁጥር ሳይሆን ግፊቱ በተስተካከለና በዓመቱ መጨረሻም በክትትል ላይ በተገኘ ታካሚ ቁጥር ይሁን። ክሊኒክ ለመክፈት ገንዘብ እያሰባሰባችሁ ያላችሁ ሐኪሞችም ውሉን አትጠብቁ፤ የማሽኑን ዝርዝር ከመጨረሳችሁ በፊት የቀጠሮ ደብተሩን አዘጋጁ፣ ለቀረው ታካሚ የምትደውለውን ነርስም ቅጠሩ።